ከ15 ሳምንት እስከ 3 ዓመት፦ የስደተኛ ሠራተኞች ሕፃናት የት ይውላሉ?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገና አልሞላም። ደቡብ ቴል አቪቭ፣ ኔቬ ሻአናን ሰፈር። በሁለት ሕንፃዎች መሀል ወደምትገባ ጠባብ ቅያስ እናቶች እየተጣደፉ ይመጣሉ። አንዷ ጋሪ ትገፋለች። አንዷ በጀርባዋ አዝላለች። አንዷ እንቅልፉን ያልጨረሰ ልጅ ትከሻዋ ላይ አስተኝታለች። ሁሉም የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። በሩ ላይ ስም የለም፣ ምልክትም የለም።

እኔ የዚያን ቀን የሄድኩት ላስተረጉም ነበር። ይዛኝ የሄደችው እናት ኤርትራዊት ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይጥማል፤ እንደ እሷ ያሉትን ሰዎች «አምቼ» ይሏቸዋል። እብራይስጥ ማንበብ ግን አትችልም። ጢፓት ሐላቭ ከሚባለው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጥታታለች። (የጣቢያው ስም «የወተት ጠብታ» ማለት ነው። ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።) «እህቴ፣ የሚለውን ለአንቲ ንገሪልኝ» አለችኝ።

አንቲ ሞግዚቷ ናት። ጋናዊት። ልጆቹም እናቶቹም በዚሁ ስም ነው የሚጠሯት።

ገባን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የሕፃን አልጋዎች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ በመሀላቸው እግር የሚያሳልፍ ቦታ የለም። አንዳንዱ አልጋ ላይ ሁለት ልጅ አለ። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ካርቱን ያሳያል። ቤቱ በረኪናና ወተት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ጡጦዎች ተደርድረዋል። በየጡጦው ላይ የልጁ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፤ አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ አንዱ በላቲን፣ አንዱ በእብራይስጥ። ልጆቹን መቁጠር ጀምሬ 20 ስደርስ ተውኩት።

ወረቀቱን አነበብኩላት። ልጁ 14 ወሩ ነው። ነርሷ የጻፈችው አጭር ነው። ልጁን ከአልጋ አውርዱት። መሬት ላይ ይዳህ፣ ይነሣ፣ ይውደቅ። አጫውቱት። አውሩት። አንቲ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ክፍሉን አየችና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች።

«የት?»

ቁጣ አልነበረበትም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ። ወለሉ በሙሉ አልጋ ነው። እኔም መልስ አጣሁ። መልሱ እዚያ ክፍል ውስጥ አይገኝም፤ መፈለግ ያለበት ከሕጉ፣ ከኪራዩና ከደሞዙ ነው።

መሀል ላይ የተተወው ጊዜ

ከሕጉ ልጀምር። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እስራኤል ውስጥ የምትሠራ እናት ደሞዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃዷ 15 ሳምንት ነው። እስከ 2017 ድረስ 14 ነበር። ገንዘቡን የሚከፍለው ብሔራዊ መድኑ፣ እኛ ቢቱዋሕ ልኡሚ የምንለው መሥሪያ ቤት ነው። ከውጭ ሀገር የመጣች ሠራተኛም አሠሪዋ በሥርዓቱ ከከፈለላት በወሊድ መድኑ ትሸፈናለች። ይህ ጥሩ ነገር ነው።

በሌላው ጫፍ፣ ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው፣ ሌላ ጥሩ ነገር ይጠብቀዋል። የግዴታ ትምህርት ሕጉ ከ3 ዓመት ጀምሮ ነፃ መዋዕለ ሕፃናት ይሰጣል። ሕጉ የቆየ ነው፤ በመላ ሀገሪቱ ሥራ ላይ የዋለው ግን ከመስከረም 2012 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ሕዝቡ የኑሮ ውድነት አንገሽግሾት አደባባይ ድንኳን ተክሎ ነበርና መንግሥት የሆነ ነገር ማድረግ ነበረበት። ይህ መብት ደግሞ የወላጅ ወረቀት አይጠይቅም። ሀገሩ ውስጥ የሚኖር ልጅ ሁሉ ይማራል።

መሀሉስ? ከ15 ሳምንት እስከ 3 ዓመት ያለው ጊዜ 2 ዓመት ከ8 ወር ይሆናል። ዜጋ ለሆነች እናት በዚህ ጊዜ ውስጥ መንግሥት የሚደጉመው ማቆያ አለ፤ ማዖን ይባላል፤ ድጎማው እንደ ቤተሰቡ ገቢ ይለያያል። ስደተኛዋ እናት ግን ይህን ድጎማ አታገኝም። በግል ላስገባው ብትል ቴል አቪቭ ውስጥ በወር ከ3 ሺህ ሸቀል በላይ ትጠየቃለች። ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ወይም ምግብ ቤት ሳህን የምታጥብ ሴት የምታገኘው ዝቅተኛውን ደሞዝ ነው። ያ ደሞዝ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 5,880 ሸቀል ነበር። ከዚህ ላይ ኪራይ አለ። ምግብ አለ። ሀገር ቤት የሚጠብቅ አለ።

አያትም የለችም። ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። እኛ ቤተ እስራኤሎች እዚህ ሀገር ስንገባ እጃችን ባዶ ነበር። ግን ከነአያቶቻችን ነው የመጣነው። እናቴ ሌሊት ተነሥታ ቢሮ ለማጽዳት ስትሄድ እኔና ወንድሞቼ የምንውለው ከአያቴ ጋር ነበር። አያቴ እብራይስጥ አንድ ቃል አታውቅም። ግን ቀኑን ሙሉ ታወራን ነበር። ተረት ትነግረናለች፣ ትቆጣናለች፣ ትመርቀናለች፣ ቡናዋን እያፈላች የማናውቃቸውን ሰዎች ታማልናለች። ነርሷ ወረቀቱ ላይ «አውሩት» ብላ የጻፈችው ይህንኑ ነው። እኛ በነፃ ነው ያገኘነው። እነዚህ እናቶች አያት ይዘው ድንበር አልተሻገሩም።

በሩን የሚያንኳኩት

እናቶቹን ያመጣቸው መንገድ አንድ አይደለም።

በቪዛ የመጡ አሉ፤ በብዛት ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከስሪላንካ። ሥራቸው አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አሠሪያቸው ቤት ያድራሉ። የፈቃዳቸው መደበኛ ጣሪያ 63 ወር ነው። ለብዙ ዓመት የነበረው መመሪያ ጨካኝ ነበር። ሠራተኛዋ ከወለደች በ3 ወር ውስጥ ሀገሪቱን ትልቀቅ፤ ካልሆነም ሕፃኑን ሀገሯ አድርሳ ብቻዋን ትመለስ ይላል። ካቭ ላኦቬድ የተባለው የሠራተኞች መብት ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ጉዳዩን ከፍተኛው ፍርድ ቤት አደረሰው። በሚያዝያ 2011 ፍርድ ቤቱ መመሪያውን ሻረው። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አያላ ፕሮካቺያ ናቸው።

ፍርዱ እናትየዋን ከመባረር አዳናት። ግን እሷ ቀን ከሌት ሽማግሌ ቤት ናት። ሕፃኑ የት ይደር? እንዲህ ነው አንዳንዱ ሕፃን ሳምንቱን ሙሉ ሞግዚት ጋ ማደር የጀመረው። እናቱን የሚያገኛት በእረፍት ቀኗ ነው።

ሌሎቹ በሲና በረሃ በእግር የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው። ቀጥሎ ሱዳናውያን። ጥቂት ኢትዮጵያውያንም አሉ። ከ2006 አካባቢ ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ 60 ሺህ የሚያህል ሰው በዚህ መንገድ ገብቷል። በ2011 ብቻ 17 ሺህ ገደማ። ከዚያ በግብፅ ድንበር አጥር ታጠረና መንገዱ ተዘጋ፤ በ2013 የገቡት መቶ እንኳ አይሞሉም። ከገቡት ብዙዎቹ ሲና ውስጥ በአጋቾች እጅ ወድቀው፣ ቤተሰብ ዘመድ አዝማድ ተዋጥቶ ገንዘብ ከፍሎላቸው ነው የተረፉት። ብዙ ሴቶች ያ ዕዳ ገና ከጫንቃቸው ሳይወርድ ነው እናት የሆኑት።

በእጃቸው ያለው ወረቀት «ሽታይም አሌፍ ሐሜሽ» ይባላል። ከሀገር መባረርን ለጊዜው ያቆማል እንጂ መኖሪያ አይሰጥም። በየጥቂት ወሩ ይታደሳል። ለማሳደስ ሰልፍ አለ። ለሰልፉ ከሥራ መቅረት አለ። ሥራ ከቀረች ያ ቀን አይከፈላትም። የ4 ወር ሕፃን ያላት እናት ይህን ሁሉ የምትሠራው ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ካለ ነው።

በግንቦት 2017 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ። ከጥገኝነት ጠያቂዎች ደሞዝ ላይ 20 በመቶ ተቆርጦ እንዲቀመጥና ሀገሩን ሲለቁ ብቻ እንዲሰጣቸው የሚል። በኋላ ለሴቶችና ለአንዳንዶች መጠኑ ዝቅ ቢልም፣ ቁርጡን ፍርድ ቤት የሻረው በሚያዝያ 2020 ነው። ከአምስት ሺህ ሸቀል ላይ አንድ ሺህ ሲነሣ ማቆያ መምረጥ የሚባል ነገር አይኖርም። የተገኘው በር ይንኳኳል።

ሰፈሩም ሰላም የሚሰጥበት ጊዜ ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 2012 እዚያው ደቡብ ቴል አቪቭ፣ ሻፒራ ሰፈር ውስጥ የአፍሪካውያን መኖሪያዎች ላይ የእሳት ጠርሙስ ተወርውሯል። ከተወረወረባቸው ቦታዎች አንዱ የሕፃናት ማቆያ ነበር። በሩ ላይ ለምን ምልክት እንደሌለ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ይህንንም ያስብ።

የአንቲ ሒሳብ

የእስራኤል ጋዜጦች እነዚህን ቤቶች «የልጆች መጋዘን» ይሏቸዋል። እናቶቹ ግን «ቤቢ ሲተር» ነው የሚሉት። መጋዘን የሚለውን ቃል ስሰማ እበሳጫለሁ። ሁኔታው ከዚያ የተሻለ ስለሆነ አይደለም። ቃሉ ጥፋቱን በሩን በምትከፍተው ሴት ላይ ስለሚጥለው ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። መንግሥት ለሚያውቃቸው ማቆያዎች ያወጣው መስፈርት፣ ለጨቅላዎቹ ክፍል አንዲት ሞግዚት ስድስት ሕፃን ትይዛለች ይላል። እንበልና አንቲ ከአንድ ልጅ በወር 800 ሸቀል ተቀበለች። ስድስት ልጅ 4,800 ይሆናል። ገና ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች ናት። የቤት ኪራይ አልከፈለችም። መብራት፣ ውሃ፣ የበረኪናው፣ የወረቀቱ አለ።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። እናቶቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጥለው ማታ 12 ሰዓት ይወስዳሉ። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በሳምንት 42 ሰዓት ነው የምትሠራው። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ሲሆን 60 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለስድስት ሕፃን አንድ ሰው አይበቃም፤ አንድ ተኩል ሰው ያስፈልጋል። የአንድ ተኩል ሰው ዝቅተኛ ደሞዝ በ2024ቱ ልክ 8,820 ሸቀል ይሆናል። ለስድስት ሲካፈል በልጅ 1,470። ይህ ያለ ኪራይ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ አንድ መጫወቻ ነው። ሁለት ልጅ ያላት እናት 2,940 ትከፍላለች ማለት ነው። የደሞዟን ልክ ግማሽ።

አትችልም። ስለዚህ አንቲ ሃያ ልጅ ትቀበላለች። ሌላ መንገድ ስለሌላት ነው። ዋጋ ብትጨምር እናቶቹ ወደ ሌላ በር ይሄዳሉ፤ እዚያ ደግሞ ሠላሳ ልጅ ይኖራል። አንቲ ራሷም ስደተኛ ናት፤ የራሷን ልጅ ይዛ እቤት ስትቀመጥ የጎረቤት ልጅ «እስክመለስ ያዢልኝ» እየተባለ ነው የጀመረችው። ብዙዎቹ ቤቶች እንዲህ ነው የተጀመሩት።

ይህ ሒሳብ ምን ያህል ስስ እንደሆነ መጋቢት 2020 ላይ ታየ። ኮሮና መጣና ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ተዘጉ። ጥገኝነት ጠያቂዎች የሥራ አጥ ክፍያ አያገኙም። እናት ሥራ ስታጣ ለሞግዚት የምትከፍለው አጣች፤ ሞግዚቷም ኪራይ የምትከፍለው አጣች። ሁሉም አንድ ላይ ወደቀ።

ሕፃኑ ላይ የሚደርሰው

አንዲት ሴት ሃያ ሕፃን ስትይዝ እጇ አይበቃም። ጡጦውን ይዛ ማጥባት አትችልም። ስለዚህ ፎጣ ጠቅልላ ሕፃኑ ደረት ላይ ታደርግና ጡጦውን በፎጣው ላይ ታስደግፋለች። ሕፃኑ ተንጋሎ ብቻውን ይጠባል። የሕፃናት ሐኪሞች በጣም የሚፈሩት ይህንን ነው። ወተቱ ወደ አየር መተላለፊያው ሊገባ ይችላል፤ ገና አንገቱ ያልጠና ልጅ ደግሞ ጭንቅላቱን ዞር አድርጎ ራሱን አያድንም። ቢያንቀው ድምፅ አያሰማም። አጠገቡ አሥር ልጅ እያለቀሰ ዝም ያለውን ማን ያየዋል?

በ2015 መጀመሪያ ላይ፣ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ፣ ደቡብ ቴል አቪቭ ውስጥ ባሉ እንዲህ ዓይነት ቤቶች አምስት ሕፃናት ሞቱ። አምስት። የመጀመሪያው ዜና በገጹ ጥግ የወጣ ትንሽ ጽሑፍ መስሎኝ አልፌው ነበር። አምስተኛው ሲሆን ሀገር ተንጫጫ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ወረቀት የሌላቸው ልጆች ምን ላይ እንዳሉ በ2013 ባወጣው ሪፖርት አስጠንቅቆ ነበር። ማንም አላየሁም አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ሞት ዜና ይሆናል። ዜና የማይሆነው ሌላው ነው። ሕፃን ልጅ አእምሮው የሚሠራው ሰው ሲያዋራው ነው። እሱ «አጉ» ሲል አንድ ሰው «አጉ» ብሎ ሲመልስለት። ቀኑን አልጋ ውስጥ ጣሪያ እያየ የሚውል ልጅ ይህን አያገኝም። መጀመሪያ ብዙ ያለቅሳል። ቆይቶ ማልቀሱን ይተዋል። አንዳንድ ሰው «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» ይላል። ያ ዝምታ ግን የጨዋነት አይደለም። ልጁ ብጠራም የሚመጣ የለም ብሎ ተስፋ ቆርጧል።

ከዚህ የባሰ ሁኔታ ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። ቡካሬስት ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሮማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች የነበሩ ልጆችን ተከታተሉ። ከልጆቹ ከፊሎቹ በዕጣ ተለይተው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። ከ2 ዓመታቸው በፊት የሄዱት በንግግርም፣ ሰውን በመቅረብም፣ ዘግይተው ከሄዱት በጣም ተሻሉ። የእኛዎቹ ልጆች ማታ ማታ እናት ጋ ይገባሉ፤ ትልቅ ልዩነት ነው፤ እናት ደክሟትም ቢሆን ታቅፈዋለች። ሆኖም የጥናቱ ፍሬ ነገር እዚህም ይሠራል። ጊዜ አለው። ከ3 ዓመት በኋላ ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ብትሰጠው መልካም ነው፤ ግን ትልቁ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አልፏል። ሕጉ ክፍት የተወው ደግሞ በትክክል ያንኑ ጊዜ ነው።

መዝጋት ወይስ ማብቃት?

ሕፃናቱ ከሞቱ በኋላ ብዙ ሰው የጮኸው «ይዘጉ!» ብሎ ነው። የሚገባ ቁጣ ነው። ግን ዛሬ አንዱን ብትዘጋው ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እነዚያ ሃያ እናቶች ሌላ በር ያንኳኳሉ። የሚቀጥለው ቤት ይበልጥ ይጨናነቃል፤ ይበልጥም ይደበቃል። የተደበቀ ቤት ደግሞ ልጅ ሲያመው አምቡላንስ ለመጥራት ያመነታል። ይህ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

የተሻለ መንገድ መኖሩ ደግሞ እዚያው ደቡብ ቴል አቪቭ ታይቷል። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ለስደተኛ ማኅበረሰቦች ያቋቋመው መሲላ የተባለ ማዕከል አለ፤ ከ1999 ጀምሮ። ከእሱ ጋር ተያይዞ በ2005 ዩኒታፍ የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነው። ሞግዚቶቹን ከማባረር ይልቅ ማሠልጠን። እነዚያኑ ሴቶች፣ ልጆቹን የሚያውቁትን፣ የእናቶቹን ቋንቋ የሚናገሩትን ወሰዱ። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ አስተማሯቸው። ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ ጡጦ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሕፃን በጀርባው ለምን እንደሚተኛ። የተሻለ ቤት፣ ምንጣፍ፣ መጽሐፍ፣ መጫወቻ መጣ። የልጆቹ ቁጥር ቀነሰ። ባለሙያ እየመጣ ያያል፣ ይመክራል። ወላጅ የአቅሙን ይከፍላል፣ ቀሪው ከሌላ ይሟላል። ያ «ቀሪው» ነው ቁልፉ። ከላይ ያሰላነውን ሒሳብ የሚፈታው ሌላ ነገር የለም።

በሚያዝያ 2015 መንግሥት 56 ሚሊዮን ሸቀል መደበ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለእነዚህ ልጆች ማቆያ እንዲሠራበት። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ አምስት ሕፃን ሳይሞት መወሰን ነበረበት እንጂ። ግን ገንዘብ ወደ ሕንፃ፣ ሕንፃ ወደ ክፍል፣ ክፍል ወደ ሠለጠነች ሞግዚት እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ሕፃን አይጠብቅም። በ2015 የ4 ወር ሕፃን የነበረ ልጅ በ2018 መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። በ2018 መጨረሻ ደግሞ ሰባትና ከዚያ በላይ ሕፃን የሚይዝ ማቆያ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያዝ ሕግ ለመላው ሀገር ወጣ። መቆጣጠሩ ተገቢ ነው። ድጎማ ሳይከተለው ሲቀር ግን የአንቲ ዓይነቶቹን በሮች ይበልጥ ወደ ጓሮ ይገፋቸዋል።

«የነሱን ልጅ እኛ ለምን እናሳድግ?» የሚል ሰው አውቃለሁ። ከእኛም ማኅበረሰብ ጭምር። ሰፈሩ ድሃ ነው፣ የራሳችን ልጆች በቂ አላገኙም፣ ለእነሱ ከተመቻቸው ሌሎች ይመጣሉ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነገሮች አልክድም። ደቡብ ቴል አቪቭ የተረሳ ሰፈር ነው፤ የእኛም ልጆች ተበድለዋል። ሦስተኛው ግን እውነት አይደለም። በሲና መግቢያው ከተዘጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚህ ሕፃናት ከየትም አልመጡም፤ እዚሁ ሆስፒታል ነው የተወለዱት። በ3 ዓመታቸው እዚሁ መዋዕለ ሕፃናት ይገባሉ። ሳይናገር የገባ ልጅ የንግግር ሐኪም፣ ልዩ ትምህርት፣ ተጨማሪ መምህር ያስፈልገዋል። ያንን የሚከፍለው ያው መንግሥት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ላይ ቢከፍል ይረክሰዋል፤ ልጁም ያተርፋል።

ሌሎቹስ?

የእስራኤሉን ያነሣሁት በቅርብ ስለማየው ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን የበለጠ የሚቀርበው ቤሩት፣ ሪያድና ዱባይ ያለው ሊሆን ይችላል። እዚያ ያሉ እህቶቻችን ካፋላ በሚባለው ሥርዓት ለብዙ ዘመን ከአሠሪያቸው ጋር ታስረው ኖረዋል፤ የሚያድሩት እሱ ቤት ነው። እዚያ የወለደች የቤት ሠራተኛ ስለ ማቆያ ለመጨነቅ እንኳ ዕድል አታገኝም። በብዙዎቹ ሀገራት ከጋብቻ ውጭ መውለድ ለብዙ ዘመን እስር ያስከትል ነበር፤ አረብ ኤምሬትስ ሕጓን በ2022 አላልታለች። የልደት ወረቀት ለማውጣት ብዙ ጊዜ የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል። ስለዚህ ሕፃኑ ተደብቆ ያድጋል። ከኅዳር 2013 ጀምሮ ሳውዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ሕፃን ያዘሉ እናቶችም ቦሌ ወርደዋል።

አብዛኞቹ ግን ልጃቸውን ወሎ ወይም ጅማ ትተው ነው የሚሄዱት፤ ከአያት ጋር። ሪያድ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ታቅፈው ያስተኛሉ፤ የራሳቸውን በስልክ ያዩታል። አያቲቱ ልጁን ታሳድጋለች፤ ከዚያ በስተርጅና ጉልበቷ ይከዳታል። ለዚያች አያት የተሠራ ማቆያም የለም። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አንድ ቀን እመለስበታለሁ።

ያ የ14 ወር ልጅ ምን ሆነ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አንቲ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት አልጋ አውጥታ ደጅ አቆመች። አንድ ምንጣፍ የሚያህል ወለል ተገኘ። ልጆቹን ተራ በተራ ታወርዳቸው ጀመር፤ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ ማድረግ አልቻለችም። ልጁ ዘግይቶ ተራመደ፤ በጣም ዘግይቶ ተናገረ።

3 ዓመት ሲሞላው፣ መስከረም 1 ቀን፣ እናቱ የማዘጋጃ ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ስትወስደው አብሬያት ሄድኩ። በሩ ላይ ትልቅ ባለ ቀለም ጽሑፍ አለ። ቦርሳ የሚሰቀልበት መንጠቆ ላይ ስሙ በእብራይስጥ ተጽፏል፤ ከስሙ አጠገብ የአንበሳ ሥዕል። መምህርቷ ጎንበስ ብላ እጁን ያዘችው። እናቱ ግን ቆማ ልታየው አልቻለችም። ጀርባዋ ላይ የ4 ወር እህቱ አለች። ሥራ መግቢያዋ ደርሷል፤ አንቲ ደግሞ ከረፈደ አትቀበልም። እየሮጠች ወደዚያች ጠባብ ቅያስ ሄደች።